ስሙ አንገትሽ ላይ ነው

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የጤና ሳይንስ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የተግባር ፈተና ነበረን። ፈታኙ በሞዴሉ አንገት ላይ አንዱን ጡንቻ በእስክሪብቶ ነክተው ‹ይህ ማነው?› አሉኝ። አውቀዋለሁ። ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ፣ ሲኮማተር ጭንቅላትን ወዴት እንደሚያዞር ሳጠና ነው ያደርኩት። ስሙን ልጠራ ስል ግን ‹ስተርኖ… ስተርኖክ…› ብዬ ቀረሁ። ሁለቴ ሞከርኩ። በሦስተኛው ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ‹ቀጣይ› ተባለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ረጅም ቃል ባየሁ ቁጥር ጉሮሮዬ ይዘጋል። ቃላቱን ደብተሬ ላይ በአማርኛ ፊደል እየጻፍኩ እሸመድዳለሁ፤ በማግስቱ የሉም። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ክሊዶ› ነው የሚባለው ትለኛለች፤ እኔ የሰማሁት ‹ክላይዶ› ነው። ችግሩ ምላሴ ነው? ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም ማለት ነው? ቃሉስ በትክክል የሚቆረጠው የት የት ላይ ነው? እባክዎን ይምከሩኝ።»

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉም በፊት፣ ምላስሽ ደህና ነው። «ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ» ብለሻል። ያቃተሽ ስም የሚለው እኮ ይህንኑ ነው! ያጠናሽው ነገርና ያልወጣልሽ ቃል አንድ ናቸው፤ ማንም አላገናኘልሽም እንጂ።

እስቲ ደብተርሽን ዝጊና እጅሽን አንገትሽ ላይ አድርጊ።

ፊትሽን ወደ ግራ አዙሪ። በቀኝ በኩል፣ ከጆሮሽ ኋላ እስከ ደረትሽ በሰያፍ የተዘረጋ ወፍራም ገመድ የመሰለ ነገር ይወጣል። እሱ ነው። ወደ ግራ ስትዞሪ የሚወጠረው የቀኙ ነው፤ ይህ ጡንቻ ፊትን የሚያዞረው ወደ ተቃራኒው ጎን ነውና። አሁን ጣትሽን ወደ ታች አውርጂ። ከጉሮሮሽ ሥር፣ መሐል ላይ፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ ታገኛለሽ። ከጎድጓዳው አጠገብ ጡንቻው እንደ ክር ጠንክሮ የደረት አጥንትሽ አናት ላይ ይያያዛል። እዚህ ላይ ጣትሽን አቁሚና «ስተርኖ» በይ። ጣትሽን ትንሽ ወደ ጎን ውሰጂ። የጡንቻው ሁለተኛ እግር፣ ሰፋና ሳሳ ያለው፣ ወደ ትከሻ በሚሄደው አግድም አጥንት ላይ ይያያዛል። እዚህ «ክላይዶ» በይ። አሁን ጡንቻውን እየዳበስሽ ወደ ላይ ውጪ። ከጆሮሽ ጀርባ ጉብ ያለ ጠንካራ አጥንት አለ። እዚህ «ማስቶይድ» በይ።

ስተርኖክላይዶማስቶይድ። ጠራሽው።

ይህን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሚው። ታች፣ ጎን፣ ላይ። ፈተናው ላይ የጎደለሽ ይህ ብቻ ነበር። ስሙን እንደ አንድ ረጅም ድምፅ ልትውጪው ሞከርሽ፤ እሱ ግን መንገድ ነው፤ ሦስት ማረፊያ ያለው መንገድ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንግባ። ቃሉ የት የት ይቆረጣል? ሁለት ዓይነት አቆራረጥ አለ። አንዱ በትርጉም፣ ሌላው በትንፋሽ። ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይገጥሙም። ብዙ ተማሪ የሚደናበረው እዚህ ላይ ነው።

በትርጉም እንጀምር። «ስተርኖን» በጥንቱ ግሪክኛ ደረት ነው፤ ዛሬ የደረት አጥንት ሆኗል። «ክሌይስ» ቁልፍ ነው። ያ ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት በላቲን ስሙ «ክላቪኩላ» ነው፤ ትንሽ ቁልፍ ማለት። የግሪኩም የላቲኑም ስም ቁልፍ መሆኑን ልብ በይ። «ማስቶስ» ጡት ነው። «ኦይድ» ደግሞ በእኛ «መሰል» የምንለው ነው። ስለዚህ ከጆሮሽ ኋላ ያለው ጉብታ «ጡት መሰል» ተብሏል። ጣትሽን አሁንም እዚያው ካደረግሽው ለምን እንደተባለ ይገባሻል።

ይህችን «ኦይድ» የምትባል ባዕድ መድረሻ አክብሪያት። ከአጥንት ትምህርት ውስጥ ግማሹን ፍርሃት የምታወልቅልሽ እሷ ናት። ትከሻሽን የሸፈነው ጡንቻ ዴልቶይድ ነው፤ ዴልታ የተባለውን የግሪክ ፊደል መሰል፣ ሦስት ማዕዘን። ከአገጭሽ ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት ሃዮይድ ናት፤ እሷም ኡፕሲሎን የተባለውን ፊደል ትመስላለች። ሰዎቹ በፊደላቸው ነበር የሰውን አካል የሚያዩት! የራስ ቅል አጥንት የሆነው ስፌኖይድ ሽብልቅ መሰል ነው። ሌላው የራስ ቅል አጥንት ኤትሞይድ ወንፊት መሰል ነው፤ በእርግጥም ብዙ ቀዳዳ አለው። ጉሮሮ ላይ ያሉት ክሪኮይድ ቀለበት መሰል፣ ታይሮይድ ጋሻ መሰል፣ የእጅ አንጓ ላይ ያለው ስካፎይድ ጀልባ መሰል።

ሁለቱን ደግሞ ለአንቺ ብዬ ለብቻ አስቀምጫቸዋለሁ። የደረት አጥንት ታችኛው ጫፍ ዚፎይድ ይባላል። «ዚፎስ» ሰይፍ ነው። ትከሻ ላይ ያለችው ወጣ ያለች አጥንት ደግሞ ኮራኮይድ ናት። «ኮራክስ» ቁራ ነው፤ አጥንቷም እንደ ቁራ ምንቃር ጎበጥ ብላለች። ዚፎስ ሰይፍ፣ ኮራክስ ቁራ። ጆሮሽ ላይ እንዴት እንደሚቀራረቡ ሰማሽ? በዝምድና ይሁን በአጋጣሚ አሁን አንከራከር። ለማስታወስ ግን ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል!

አሁን መሐል ላይ ወዳለችው «ኦ» እንምጣ። ስተርን-ኦ፣ ክላይድ-ኦ። ይህች «ኦ» የራሷ ትርጉም የላትም። ሥራዋ ማያያዝ ነው። እኛም አለን እኮ! «ቤት» የሚለው «መጻሕፍት» ከሚለው ጋር ሲጣበቅ «ቤተ መጻሕፍት» ይሆናል። «ት» ወደ «ተ» የተለወጠችው ለማያያዝ ነው። «ርእስ» «ርእሰ ከተማ» ውስጥ ሲገባም እንደዚያው ነው። ከግዕዝ የወረስነው ማያያዣ ነው። እነሱ በ«ኦ» ያስራሉ፣ እኛ በግዕዝ ድምፅ እናስራለን። ስለዚህ ረጅም የሕክምና ቃል ስታዪ መጀመሪያ «ኦ»ዎቹን ፈልጊ። ብዙ ጊዜ ቃሉ የተሰፋው እዚያ ነው። ስፌቱን ካገኘሽ ጨርቁን መፍታት ቀላል ነው።

አንድ ተጨማሪ ምስጢር አለ። እንዲህ በሁለት በሦስት ቦታ ስም የተሰየሙ ጡንቻዎች በአብዛኛው መነሻቸውን አስቀድመው፣ ማረፊያቸውን አስከትለው ይጠራሉ። ስተርኖሃዮይድ ከደረት አጥንት ተነስቶ ሃዮይድ ላይ ያርፋል። ስታይሎሃዮይድ ከጆሮ ሥር ካለችው ሹል አጥንት፣ ከስታይሎይድ፣ ተነስቶ እዚያው ሃዮይድ ላይ ይደርሳል። ጂኒዮግሎሰስ ከአገጭ ወደ ምላስ ነው፤ ምላስሽን የምታወጪበት ጡንቻ እሱ ነው። ጓደኞችሽ መነሻና ማረፊያን በሠንጠረዥ ሲሸመድዱ አንቺ ከስሙ ላይ ታነቢዋለሽ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ትንፋሹ። የሰዋስው መምህራን «ቀለም» ይሉታል፤ እኔ ለዛሬ «ምት» ልበለው። በአንድ ትንፋሽ ግፊት የሚወጣ የቃል ቁራጭ ማለት ነው። ስተርኖክላይዶማስቶይድ ስድስት ምት አለው፦

ስተር · ኖ · ክላይ · ዶ · ማስ · ቶይድ

ደብተርሽ ላይ በአማርኛ ፊደል እየጻፍሽ ስትሸመድጂ የሆነውን አሁን ልንገርሽ። ፊደሎቹን ቁጠሪ። አሥራ ሦስት ናቸው። ዓይንሽ አሥራ ሦስት ነገር አየ፤ አፍሽም አሥራ ሦስት ጊዜ ሊከፈት ተዘጋጀ። መሐል ላይ ትንፋሽ ቢያልቅብሽ ምን ይገርማል?

ሳድስ ፊደል አንዳንዴ የራሱ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ ባዶውን ነው። ይህን በራስሽ ቋንቋ ማንም ሳያስተምርሽ ታውቂዋለሽ። «ልብስ» በይ። ሦስት ፊደል፣ አንድ ምት። «ትምህርት» በይ። አምስት ፊደል፣ ሁለት ምት። «ት-ም-ህ-ር-ት» ብለሽ አታነቢውም። ባዕዱን ቃል ግን እንዲያ አነበብሽው። «ክላይ» ሦስት ፊደል ነው፣ ግን አንድ ምት ነው። «ክ» ላይ አትቁሚ፤ ወደ «ላ» አንሸራትቺው። «ቶይድ»ም እንደዚሁ። መጀመሪያው ላይ «እስተርኖ» ብሎ የሚወጣልሽ ከሆነ አትጨነቂ። የእኛ አፍ በሁለት ተነባቢ መጀመር ሲከብደው «እ»ን ያስቀድማል። በዚያ ምክንያት ቃሉን የሚስተው የለም። ቀስ ብሎ ይስተካከላል።

ቀጥሎ ጫናው ነው። እኛ አማርኛ ስንናገር ምቶቹን ሁሉ በተቀራራቢ ኃይል ነው የምናወጣቸው። እንግሊዝኛ እንዲያ አይደለም። ከምቶቹ አንዱን ይመርጥና ድምፁን እዚያ ላይ ይጥለዋል፤ ረዘም፣ ጠንከር፣ ከፍ ያደርገዋል። ሌሎቹን ያሳንሳቸዋል። በዚህ ቃል የሚመረጠው «ማስ» ነው። «ስተር» እና «ክላይ» ቀለል ያለ ጫና ይደርሳቸዋል። «ኖ» እና «ዶ» ያልፋሉ። ስትለማመጂ ጠረጴዛ ምቺ። «ማስ» ላይ ስትደርሺ በደንብ ምቺው።

«ፊደሉ ላይ የለም፤ በምን አውቃለሁ?» ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው፤ የእንግሊዝኛው ጽሕፈትም አያሳይም። ግን እኛስ መጥበቅና መላላትን መች እንጽፋለን? «ዋና» ብዬ ብጽፍልሽ ላልቶ ከተነበበ ውሃ ውስጥ የሚደረገው ነው፤ ጠብቆ ከተነበበ ቁንጮው፣ ዋነኛው ነው። ፊደሉ አንድ ነው። ጆሮሽ ግን ተሳስቶ አያውቅም። ከሰው ሰምተሽ ነው የያዝሽው። ጫናም እንደዚያ የሚያዝ ነገር ነው።

ደግነቱ ጥቂት ምልክቶች አሉት። ጫናው «ኦይድ» ላይ አያርፍም፤ ከእሷ በፊት ነው። ማስቶይድ፣ ዴልቶይድ፣ ታይሮይድ ሁሉም የሚጠነክሩት ከፊት ነው። በ«ሎጂ» እና በ«ቶሚ» የሚያልቁ ቃላት ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሦስተኛው ምት ላይ ይጠነክራሉ። በ«አይቲስ» የሚያልቁ፣ ማለትም የአንድ ነገር መቆጣት ስሞች፣ «አይ» ላይ ይጠነክራሉ፦ ጋስ·ትራይ·ቲስ። ላቲኖቹም የራሳቸው ሕግ አላቸው። ከመጨረሻው ሁለተኛው ምት ከባድ ከሆነ፣ ማለትም አናባቢው ረጅም ከሆነ ወይም ምቱ በተነባቢ ከተዘጋ፣ እሱ ላይ፣ ቀላል ከሆነ ወደ ኋላ አንድ ይሄዳል። የጉልበት ሎሚ «ፓቴላ» ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ል» ሁለት ጊዜ ይገባል፣ እኛ ጠብቆ እንደምንለው። ስለዚህ «ቴ» ይጠነክራል። የትከሻው ሰፊ አጥንት «ስካፑላ» ደግሞ መሐሉ ቀላል ነው፤ ጫናው ወደ «ስካ» ይመለሳል።

ጫና ደግሞ ቦታ ይቀይራል። የምትማሪው ትምህርት ስም ራሱ ምስክር ነው። «አናቶሚ» ስትይ «ና» ይጠነክራል። «አናቶሚካል» ስትይ ጫናው ወደ «ቶ» ይዘልላል። ሥሩ አንድ ነው፤ «አና» ወደ ላይ ወይም ብትንትን የማድረግ ስሜት አለው፣ «ቶሜ» መቁረጥ ነው። አናቶሚ ቃሉ ራሱ «ቆራርጦ ማየት» ነው። አንቺም ዛሬ እያደረግሽ ያለሽው ይህንኑ ነው፤ በቃል ላይ።

ይህን ሁሉ ለውበት ብዬ እንዳይመስልሽ። ሦስት ቃላት ላሳይሽ። ጋስትሮቶሚ፣ ጋስትሬክቶሚ፣ ጋስትሮስቶሚ። «ጋስትር» ጨጓራ ነው። የመጀመሪያው ጨጓራን መሰንጠቅ ነው። ሁለተኛው «ኤክ»፣ ወደ ውጭ፣ ስለገባበት ጨጓራን ቆርጦ ማውጣት ነው። ሦስተኛው «ስቶማ»፣ አፍ፣ ከሚለው ስለመጣ ከውጭ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቀዳዳ ማበጀት ነው፤ መዋጥ ያልቻለ ሰው በቱቦ እንዲመገብ ይደረጋል። አሁን በምት ቁረጪያቸው። ሦስቱም አራት አራት ምት ናቸው። ሦስቱም ሁለተኛው ምት ላይ ይጠነክራሉ። ጋስ·ትሮ·ቶ·ሚ፣ ጋስ·ትሬክ·ቶ·ሚ፣ ጋስ·ትሮስ·ቶ·ሚ። ልዩነቱ በሙሉ ያለው ጫናው ያረፈበት ምት ውስጥ ነው። ያቺን ምት የዋጠ ሰው አንዱን ቀዶ ጥገና በሌላው ቀየረ። እኔ ተማሪዎቼን «ጮክ ብላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ» እያልኩ ዓመታት የለመንኳቸው ለዚህ ነው። ከልቤ ነው የምለው።

የትርጉሙ ስፌትና የትንፋሹ ስፌት የማይገጥሙበትንም ልጨምርልሽ፤ አንድ ቀን ያጋጥምሻል። ባትሽ ላይ ያለው ትልቁ ጡንቻ ጋስትሮክኒሚየስ ይባላል። በትርጉም ሲቆረጥ «ጋስትሮ» ሆድ፣ «ክኔሜ» የእግር ቅልጥም ነው። የእግር ሆድ ማለት ነው። እጅሽን ባትሽ ላይ ብታደርጊ ሆድ የሚመስለውን ታገኚዋለሽ። በትንፋሽ ግን «ክ» ወደ ፊተኛው ትሸሻለች፦ ጋስ · ትሮክ · ኒ · ሚ · የስ። ጫናው «ኒ» ላይ። ስታጠኚ በትርጉም ቁረጪ፣ ስትጠሪ በትንፋሽ ቁረጪ። ሁለቱን ደብተርሽ ላይ በሁለት መስመር ጻፊያቸው።

ወደ ጓደኛሽ ክርክር ልምጣ። በእንግሊዝኛ የሕክምና ትምህርት የተለመደው «ክላይዶ» ነው፤ አንቺ የሰማሽው ልክ ነው። ጓደኛሽ ግን ከመሬት አላመጣችውም። ያ የግሪክ ድምፅ በዛሬው ግሪክኛ «ኢ» ተብሎ ነው የሚነበበው። «ክሊዶ» ብትል ማንም ሌላ ጡንቻ አይመስለውም። የትንሹ አንጀት መጀመሪያ «ዱዎዲነም»ም በሁለት መንገድ ይጠራል። አንዱ «ዲ» ላይ ያጠነክራል፣ ሌላው «ዎ» ላይ። ሁለቱም መዝገበ ቃላት ውስጥ አሉ። ቃሉ ከላቲን «አሥራ ሁለት» የመጣ ነው፤ ርዝመቱ አሥራ ሁለት የጣት ስፋት ያህላል ተብሎ። ስለዚህ በዚህ አትጣሉ። ክፍላችሁ ውስጥ መምህራችሁ የሚሉትን ያዙና እለፉ።

ልትጣሉበት የሚገባ ሌላ አለ። «ኢሊየም» የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የትንሹ አንጀት መጨረሻ ነው፣ ሌላው የዳሌ አጥንት ነው። በላቲን ፊደል በአንዲት ሆሄ ይለያያሉ። በድምፅ አይለያዩም። በአማርኛ ፊደል ስትጽፊያቸውም አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ በቃል ስትመልሺ «የአንጀቱ» ወይም «የአጥንቱ» ብለሽ ጨምሪበት። «ፔሮኒያል» እና «ፔሪኒያል»ም እንዲሁ ለጆሮ ይቀራረባሉ። አንዱ የቅልጥም ጎን ነው፣ ሌላው በሁለት ጭን መካከል ያለው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ዓለም አቀፉ የአናቶሚ ስሞች ዝርዝር ለቅልጥሙ «ፊቡላር» የሚለውን አስቀድሟል። ሁለቱም፣ የግሪኩ «ፔሮኔ» የላቲኑም «ፊቡላ»፣ የልብስ መርፌ ቁልፍ ማለት ናቸው። እኔ ብሆን በአዲሱ ስም እጠራ ነበር።

አሁን ለምላስሽ ልምምድ። ረጅም ቃል ከፊት ወደ ኋላ ስትለማመጂው ሁልጊዜ የምትደጋግሚው መጀመሪያውን ነው። መጨረሻው ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው። ለዚህ ነው «ስተርኖክ» ላይ የቆምሽው። ገልብጪው። ከመጨረሻው ጀምሪ፦

ቶይድ።
ማስቶይድ።
ዶማስቶይድ።
ክላይዶማስቶይድ።
ኖክላይዶማስቶይድ።
ስተርኖክላይዶማስቶይድ።

እያንዳንዱን አምስት ጊዜ በይ። አሁን ወደ ፊት በሄድሽ ቁጥር የምትገቢው ወደምታውቂው ቦታ ነው። ቃሉ እየቀለለ ይሄዳል። በአንድ ቀን ከሦስት ቃል በላይ አትያዢ። ድምፅሽን አውጪ፤ በልብ ማንበብ ለዓይን እንጂ ለአፍ አይሠራም። ደብተርሽ ላይ በአማርኛ ፊደል መጻፉን ደግሞ አልከለክልሽም። ግን በምት ለያይተሽ ጻፊ፣ በነጥብ። የሚጠነክረውንም አስምሪበት።

ፈተና ላይ እንደገና ቢይዝሽስ? ዝም አትበይ። መንገዱን ተናገሪ፦ «ከደረት አጥንትና ወደ ትከሻ ከሚሄደው አጥንት ተነስቶ ከጆሮ ኋላ ያለው ጉብታ ላይ የሚያርፈው ጡንቻ።» ይህን ስትይ ስሙን ተርጉመሻል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ስሙ ራሱ ተከትሎ ይመጣል፤ ጣትሽ ያስታውስሻል። ፈታኙ «አውቀሻል» ባይሉሽ እንኳ አንቺ ታውቂዋለሽ። አጠር ያለ ስምም አለው፤ ስተርኖማስቶይድ የሚሉት አሉ። ሐኪሞች በፊደል ቆርጠው «ኤስ ሲ ኤም» ይሉታል። ፈተና ላይ ግን ሙሉውን ተለማመጂ።

ስለሳቁት ልጆች። ያ ሳቅ ጎድቶሻል፤ በትንሹ አላየውም። ሰው ሲጠየቅ በሚጠፋበት ቃል መሳቅ ደግ ነገር አይደለም። ግን እነሱም የራሳቸው ቃል አለ፣ የሚይዛቸው። ከእነሱ አንዷን ወይም አንዱን ጠርተሽ አብራችሁ አጥኑ። አንዱ ጡንቻውን ይንካ፣ ሌላው ይጥራ። ከዚያ ተቀያየሩ። ጉሮሮሽ የሚከፈተው ብቻሽን በማጥናት አይደለም፤ ሰው ፊት ተሳስተሽ ምንም እንዳልሆነ ስታዪ ነው።

«ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም ወይ?» ላልሽው፣ ሌሊቱን ቁጭ ብላ የአንድን ጡንቻ ሥራ ያጠናች ልጅ ምን ጎደላት? ስም ይለመዳል። ለሰው አካል እንዲህ መጓጓት ግን ሁሉም የለውም።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽና ልሰናበት። የፊት ጡንቻዎች ምዕራፍ ላይ ስትደርሺ ከሁሉም የረዘመውን ታገኚያለሽ፦ ሌቫቶር ላቢአይ ሱፔሪዮሪስ አላይክዌ ናዚ። አትደንግጪ። «ሌቫቶር» ከፍ አድራጊ። «ላቢአይ» የከንፈር። «ሱፔሪዮሪስ» የላይኛው። «አላይ» የክንፍ። «ናዚ» የአፍንጫ። ያቺ «ክዌ» ደግሞ የኛዋ «ና» ናት! እንደኛዋ ለብቻዋ አትቆምም፤ ከቃል ጀርባ ትለጠፋለች። ልዩነቷ፣ እኛ «ከንፈርና ክንፍ» ስንል «ና»ን በፊተኛው ላይ እንለጥፋለን፤ እነሱ በኋለኛው ላይ ይለጥፏታል። «የላይኛው ከንፈርና የአፍንጫ ክንፍ ከፍ አድራጊ።» አሁን አፍንጫሽን ሸብሽቢ፣ የላይኛውን ከንፈርሽን ወደ ላይ ሳቢ። ጣትሽን ከአፍንጫሽ ጎን አድርጊ። ሲንቀሳቀስ ይሰማሻል። አሥራ ስድስት ምት ነው። ከመጨረሻው ጀምሪ፦ ናዚ።